ማን ቀድሞ ተናገረ?

የተራራው ጫፍ ከፊታችን ነበር። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬደን ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ ከሁለት ቀን በፊት የወረደውን ትኩስ በረዶ ገና ማንም አልረገጠውም። ጊዜው ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ በረዶ ለማግኘት የሚቀጥለው ዓመት ብርድ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኛ ግን ተመለስን። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች ሦስት ሰዎች በአጠገባችን አልፈው ወጡ፤ እኛ የተውነውን ቁልቁለት በደስታ እየጮኹ ወረዱት፤ ምንም አልሆኑም።

ይሄ ነገር ለወራት አልለቀቀኝም። አንድ ነገር ደርሶባቸው ቢሆን ኖሮ «እንኳን ተመለስን» ብዬ እገላገል ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እንዲደርስባቸው ፈልጌ አይደለም። ግን ምንም ስላልሆነ ጥያቄው ክፍት ቀረ። ልክ ነበርን ወይስ አልነበርንም? ከኖርዌይ ይዤው ተሳፈርኩ፣ ጎጃም ድረስም አብሮኝ መጣ። እዚያ ደግሞ፣ ስኪ የሚባል የበረዶ ሸርተቴ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት አጎቴ ጥያቄውን ራሱን ቀየሩብኝ።

በእግር የሚወጣ በረዶ

እኔ ያደግሁት ጮቄ ተራራ ስር ነው፣ ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ስናን። አሁን የምኖረው በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ባለችው በትሮምሶ ነው። እዚያ የበረዶ ሸርተቴን ሳልለምድ መኖር አልቻልኩም፤ ዓመቱን ግማሽ በረዶ ነው፣ ሰዉም ቅዳሜና እሑዱን እዚያው ላይ ነው የሚያሳልፈው።

በቴሌቪዥን የምናየው ስኪ ባብዛኛው በተንጠለጠለ ወንበር ወጥቶ በተደለደለ መንገድ መውረድ ነው። እኔ የምወደው ሌላው ነው። ማሽን የለም፣ የተደለደለ መንገድ የለም፣ ጠባቂም የለም። ከስኪው ስር ፀጉራም ጨርቅ ትለጥፋለህ። ፀጉሩ ወደ ኋላ ስለተኛ ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ድሮ የእውነት ቆዳ ነበር፣ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ። በዚያ ሦስት አራት ሰዓት ሽቅብ ትወጣለህ። ጫፍ ላይ ጨርቁን ልጠህ ቦርሳህ ውስጥ ትከተዋለህ፤ ከዚያ መውረድ ነው። የጠዋት ሙሉ ላብህ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

ያ ሩብ ሰዓት ግን ምን ልበላችሁ! በረዶው ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ እዚያ ያሉ ሰዎች ዱቄት ይሉታል፤ እውነትም ዱቄት ነው። ስኪህ መሬት የነካ አይመስልህም። ድምፅ የለም። ስትታጠፍ በረዶው እስከ ደረትህ ይነሳል፣ ፊትህን ይሸፍነዋል፣ ለቅጽበት ምንም አታይም፣ ከዚያ ብርሃን ይመጣል፣ ደግሞ ትታጠፋለህ። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ የለ፣ ሥራ የለ፣ ናፍቆት የለ። ብዙ ነገር ወድጃለሁ፤ ይሄን የሚያህል ደስታ የሰጠኝ ግን ጥቂት ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን የአገሬን ተረት ልቤ ያመነውም እዚያ ላይ ነው።

ቦታው ሊንገን ይባላል። ተራሮቹ ቀጥ ብለው ከባሕር ነው የሚነሱት። ከሁሉ የሚበልጠው 1,834 ሜትር ነው፣ ከጮቄ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ በረዶ ተኝቶበት አይከርምም፣ ምክንያቱም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ትሮምሶና ሊንገን ግን 70 ዲግሪ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው። ስለዚህ ከባሕሩ ዳር ጀምረህ፣ በረዶ ላይ ወጥተህ፣ መልሰህ እስከ ባሕሩ ዳር መውረድ ትችላለህ፤ በሚያዝያ ጭምር፣ አንዳንዴም በግንቦት።

የወቅቱ መጨረሻ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ፀሐዩ ይበረታል፣ ቀኑ ይረዝማል፤ እንደ ፈረንጆቹ ከሜይ 20 ገደማ ጀምሮ ጭራሽ አትጠልቅም። ማታ የቀዘቀዘው በረዶ ጠዋት ድንጋይ ይሆናል፣ ቀትር ላይ ይቀልጣል፣ ማታ መልሶ ይጠነክራል። በዚህ መሃል አንዳንዴ ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር ይመጣና በዚያ ጠንካራ ንጣፍ ላይ አዲስ ዱቄት ያራግፍበታል። ሁሉም የሚጠብቀው ይሄን ነው። ችግሩ አዲሱ ከታችኛው ጋር ገና አልተጣበቀም። ጥላ ያለበት ጎን ደረቅ ሆኖ ለቀናት ይቆያል። ፀሐይ የሚያገኘው ጎን ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ የያዘው ነገር ይላላል። ያኔ የበረዶ ናዳ ይሆናል። ስለዚህ በወቅቱ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ሰዓቱን እያየ ነው የሚወጣው፤ ማልዶ ይነሳል፣ ከቀትር በፊት ይጨርሳል።

አምስት ሰዓት ላይ

አራት ነበርን። ሁለቱ በስኪ ላይ ያደጉ የአገሩ ልጆች ናቸው። አንደኛው ግዙፍ ነው፣ ከሁላችንም በላይ ይችላል፣ መንገዱንም የሚመራው እሱ ነው። ሦስተኛው እኔ። አራተኛዋ ለትምህርት የመጣች የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ስኪ የጀመረችው በዚያው ዓመት ነው።

የናዳ ትንበያ በየቀኑ ይወጣል። አደጋው በአምስት ደረጃ ነው የሚለካው። የዚያን ቀን ጠዋት ደረጃ 2 ነበር፣ ፀሐዩ ሲበረታ ይጨምራል የሚል ማሳሰቢያም አለው። መኪና ውስጥ ተስማምተን ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ከጫፉ በታች ያለችው ሜዳ ላይ እንደርሳለን፣ አይተን እንወስናለን። ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር በእቅዱ ውስጥ የለም። እያንዳንዳችን ደረታችን ላይ ምልክት የሚልክ ሬዲዮ አለ፣ ብንቀበር ሌላው በሱ እንዲፈልገን። ቦርሳችን ውስጥ አካፋና ተገጣጥሞ የሚረዝም ዘንግ አለ። ይሄ ሁሉ ለደቂቃዎች ነው። በናዳ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ የመትረፍ ዕድሉ 90 በመቶ አካባቢ ነው። ግማሽ ሰዓት ከሞላው ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። ሄሊኮፕተር በዚያ ጊዜ ውስጥ እምብዛም አይደርስም። ከደረሰብህ የሚያወጣህ አብሮህ የወጣው ሰው ነው።

ሽቅቡን በጥላው በኩል ነው የወጣነው። እያወራን፣ እየሳቅን፣ በየማረፊያው ከእኔ ፔርሙዝ ሻይ እየተቀባበልን። አምስት ሰዓት ሲሆን ሜዳዋ ላይ ደረስን፣ በሰዓታችን። ከዚያ በላይ ጎድጎድ ያለ ትልቅ ቁልቁለት አለ፤ ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ነው። ጫፉ ከሱ በላይ ነው፣ የምንወርደውም በሱ ነው። ቁልቁለቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ተዳፋት ላይ ነው፣ ስለዚህ መሃሉ ላይ ነው ያለው።

ቆመን አየነው። ውብ ነው። ማንም ያልነካው። ከዓለቶቹ ስር ትንንሽ የበረዶ ኳሶች ራሳቸውን እየጠቀለሉ ይወርዱ ነበር፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዝም። እኛ የቆምንበት በረዶ ከስኪያችን ስር መጣበቅ ጀምሯል። እነዚህ ምልክቶች መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ከባሕር ዳሯ ልጅ በስተቀር። መሪያችን «ገና ትንሽ ናቸው» አለ። ትክክል ነው፣ ትንሽ ነበሩ። ከዚያ ማንም ምንም አላለም።

የባሕር ዳሯ ልጅ ጠጋ አለችኝ። በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔ እዚህ ይበቃኛል» አለችኝ።

እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምመለሰው። ሌሎቹ አልሰሟትም፣ ቢሰሙም አይገባቸውም። ቃሉ እኔ ጋ ነው ያለው። «ደክሟት ነው» ብዬ ማሰብ እችል ነበር፣ አስቤዋለሁም። «እዚህ ጠብቂን፣ ቶሎ እንመለሳለን» ማለት እችል ነበር። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ማለት እችል ነበር፤ አገር ቤት ሽቅብ የደከመውን ሰው እንደዚያ ነው የምንለው፣ መልካም ቃልም ነው። ያ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በአእምሮዬ አለፈ። ዓይኔ ደግሞ ሽቅብ ነው። የፈለግሁትም መውጣት ነው፤ ይሄን ልደብቅ አልችልም።

ከዚያ ለሁለቱ «እዚህ ይበቃኛል ትላለች» አልኳቸው። ትንሽ ቆይቼ «እኔም» ብዬ ጨመርኩበት።

መሪያችን ረጅም ጊዜ ሽቅብ ሲያይ ቆየ። ሁለተኛው ልጅ ግን ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀና «እኔም ከቅድም ጀምሮ እያሰብኩት ነበር» አለ። መሪያችን ወደ እሱ ዞረ፣ ወደ እኛ ዞረ፣ «እሺ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን መላጥ ጀመረ። አለቀ። ክርክር የለ፣ ንግግር የለ። ከአራት ሰው ሦስታችን አንድ ነገር እያሰብን ነበር፣ አፍ ያወጣችው ግን ከሁሉ አዲሷ ናት።

በወጣንበት በጥላው በኩል ወረድን። ከላይ እስከ መሃል የነበረው ዱቄት የዓመቱ ምርጥ ነው፣ የባሕር ዳሯ ልጅ ሁለት ጊዜ ወድቃ ሁለቴም እየሳቀች ተነሳች። ታች ቆመን ሽቅብ ስናይ ነው እነዚያ ሦስት ሰዎች ያንን ቁልቁለት ሲወርዱት ያየነው። ረጃጅም ኩርባዎች፣ ከኋላቸው የሚነሳ ነጭ ጢስ፣ ጩኸታቸው እኛ ድረስ ይሰማል። መኪና ውስጥ ማንም ብዙ አላወራም። መሪያችን አንድ ጊዜ ብቻ «የዓመቱ የመጨረሻው ነበር» አለ።

«የመጨረሻው» የሚሉት ነገር

በዚያ ቁልቁለት ላይ ምን ይስበን እንደነበር ብዙ አስቤያለሁ። በየካቲት ቢሆን ያለ ብዙ ሐሳብ እንመለስ ነበር፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ በረዶ አለ። በሚያዝያ መጨረሻ ግን ሌላ ቅዳሜ የለም። ተራራው ያው ነው፣ ፀሐዩ ግን ከየካቲቱ የከፋ ነው። እኛ ደግሞ በከፋው ጊዜ ነው የበለጠ የምንጓጓው። በገበያም ያው ነው፤ ሻጩ «የመጨረሻዋ ናት» ካለ የማንፈልገውንም እንገዛለን።

ኢየን ማካሞን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሯል። የገረመው ነገር የአደጋው ምልክት በግልጽ እየታየ፣ ትምህርቱንም የወሰዱ ሰዎች እየገቡበት መሆኑ ነው። ሰውን የሚያሳስቱትን ነገሮች ሲዘረዝር ቦታውን መልመድ፣ የጀመሩትን ለመጨረስ ሙጭጭ ማለት፣ መሪ ያሉትን ሰው ዝም ብሎ መከተል፣ በሌሎች ፊት ላለማነስ መፈለግ፣ ሌሎች ሲያልፉ ማየት ይገኙበታል፤ ያልተነካ በረዶ ሊያልቅ ነው የሚለው ስስትም አለበት። ዝርዝሩን ሳነብ ያቺ ሜዳ ላይ የቆምነው አራታችን ታየኝ። ሁሉም ነበሩ። አባቶቻችን አንዱን በአጭሩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብለውታል።

ኖርዌዮች ደግሞ ለዚህ ደንብ አላቸው። የፋሲካ በዓላቸው ተራራ የሚወጡበት ነው፤ እኛ ከጾም ወጥተን ዶሮ ስንበላ እነሱ ስኪያቸውን ይዘው ወደ በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የፋሲካ ሰሞን 18 ሰዎች ተራራ ላይ አለቁ። ከ1952 ጀምሮ የነበሩት የተራራ ደንቦች ከዚያ በኋላ በሰፊው ተሰራጩ፤ በ2016 ደግሞ ታድሰዋል። ዘጠኝ ናቸው። ስምንተኛው «በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። እዚያ አገር ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም።

እኔ ደግሞ ያደግሁት ጀግና በሚዘፈንበት አገር ነው። «ፈሪ ለእናቱ» ሲባል እየሰማሁ። ሰውየው በሕይወት ወደ እናቱ ይመለሳል፣ አዎ፣ ግን ምርቃት አይደለም። ስለዚህ «አያሳፍርም» የሚለው ደንብ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ደንቡ የሚናገረው ለአንድ ሰው ነው። አራት ሰው ሲሆን፣ አንዱ በጣም የሚችል፣ አንዷ ምንም የማታውቅ ሲሆኑ፣ መመለስን ማን ነው አፍ አውጥቶ የሚናገረው? እዚያ ላይ ደንቡ ዝም ነው።

ጮቄ ላይ በረዶ ሲወርድ

መስከረም ላይ እረፍት ወስጄ አገር ቤት ገባሁ። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ረቡዕ ገበያ ከተማ ደረስኩ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ አጎቴ ቤት። ክረምቱ አልወጣም ነበር። ጭቃው እንዳለ ነው፣ ገብሱ አረንጓዴ ነው፣ ከላይ ጅብራው ጭጋግ ውስጥ ቆሟል።

በደረስኩ በማግስቱ ከሰዓት ላይ በረዶ ወረደ። ጮቄን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ በአንዴ ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መሬቱ ነጭ ነው። የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ወደ ውጭ ሮጦ ወጣ። በስልኬ የስኪ ቪዲዮ አሳይቼው ስለነበር «አሁን እስኪ አንሸራትተን!» ይለኛል። እኔ ግን አጎቴን ነበር የማየው። ደጅ ላይ ቆመው ገብሱን ያያሉ። የተኛውን፣ የተሰበረውን። ምንም አላሉም። ያን ጊዜ የእኔን በረዶ ለእሳቸው ማውራት ከበደኝ። እኔን የሚያስደስተኝ ነገር እሳቸውን የዓመት እንጀራ ያሳጣቸዋል። አፈርኩም አልልም፣ ብቻ ለማውራት ቸኩዬ የመጣሁት ጉጉት ቀዘቀዘ።

ማታ እሳት ዳር ሆነን፣ ባናችንን ለብሰን ጉዳዩን ያነሳው ልጁ ነው። «ኢትዮጵያዊ ስኪ ይችላል እንዴ?» አለኝ። ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በረዥም ርቀት ስኪ እንደተወዳደረ፣ በዚያ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ፣ ከአራት ዓመት በኋላም ቫንኩቨር ላይ እንደተመለሰበት። ልጁ ዓይኑ በራ። አጎቴ ግን «አንተስ?» አሉኝ። «አንተስ ምን አገኘህ እዚያ?»

ነገርኳቸው። የወጣነውን፣ ያየነውን፣ የተመለስነውን፣ ሦስቱ ሰዎች በሰላም መውረዳቸውን። «ጋሼ፣ ልክ ነበርን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ቆሏቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ።

«ማን ቀድሞ ተናገረ?»

«ምኑን?»

«እንመለስ ያለው ማን ነው?»

አብራን የነበረች የባሕር ዳር ልጅ እንደሆነች ነገርኳቸው፤ ስለ በረዶው ምንም እንደማታውቅም ጨመርኩ። «እና ሰማችኋት» አሉ፣ ጥያቄ በማይመስል ድምፅ። ከዚያ የራሳቸውን አወሩልኝ።

የጨሞጋ ወንዝ ከጮቄ ነው የሚነሳው። በክረምት ከላይ ዘንቦ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። አጎቴ በጎልማሳነታቸው፣ ነሐሴ ላይ፣ ከገበያ ሲመለሱ ብዙ ሆነው ወንዙ ዳር ደረሱ። ውሃው ገና ጉልበት ላይ ነው። መሽቷል፣ አህዮቹ ተጭነዋል፣ ቤት ማዶ ነው። ከነሱ የቀደሙት እየገቡ ነው። አብሯቸው የነበረ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ውሃው ገለባ ይዟል» አላቸው። ውሃው ከላይ ያለውን ዳር መጥረግ ጀምሯል ማለት ነው። ትልልቆቹ «ዝም በል» ሊሉት ነበር። አጎቴ ግን ጎንበስ ብለው አዩ፣ አህያቸውን መለሱ። አንድ ሁለት ሰው አብሯቸው ቀረ። የእግዜር እንግዳ ብለው ሰው ቤት ገቡ፣ እዚያው አደሩ።

«የተሻገሩትስ?» አልኳቸው።

«ተሻገሩ። ደኅና ገቡ። ሚስቶቻቸው ቡና አፍልተው ነበር አሉ።»

«ታዲያ አልቆጨዎትም?»

«ምን ይቆጨኛል? እኔማ በሚቀጥለው ገበያ ያንን ልጅ ደግሜ ይዤው ሄድኩ።»

ይሄን ብለው ዝም አሉ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አምስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተራራውን እየጠየቅሁ ነበር፤ ይናድ ነበር ወይስ አይናድም? ተራራው አይመልስም። ተንዶ ቢሆን እንኳ ያን ቀን ስለተናደ ብቻ ነው የማውቀው፤ ስለሚቀጥለው ቀን ምንም አይነግረኝም። አሥር ጊዜ ተሳስተህ አሥሩንም ጊዜ በሰላም ልትወርድ ትችላለህ፣ እና በየጊዜው ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። አጎቴ ወንዙ ልክ ናችሁ እስኪላቸው አልጠበቁም። ያዩት ሰውን ነው። በሚቀጥለው ገበያ ማንን ይዤ ልሂድ ብለው ነው ያሰቡት።

ጠዋት ልሰናበታቸው ስል «ያችን ልጅ ጠይቃት እንጂ» አሉኝ። «ምን አይታ እንደሆነ። እኔ ምን አውቃለሁ።»

ደውዬ ጠየቅኋት

ደብረ ማርቆስ እንደገባሁ ደወልኩላት። እስከዚያ ድረስ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ደክሟት ይሆናል፣ ወይም ፈርታ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

«ያን ቀን ምን አይተሽ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። «በረዶውን መች አየሁት? በረዶ ምን አውቃለሁ? እናንተን ነው ያየሁት» አለችኝ። «ጠዋት ሙሉ ስታወሩ ነበር። እዚያ ስንቆም ሦስታችሁም ዝም አላችሁ። በየማረፊያው ሻይ ታዞራለህ፣ እዚያ ጋ ፔርሙዙን ከቦርሳህ አላወጣኸውም። ሁላችሁም ሽቅብ ብቻ ነው የምታዩት። አንዳችሁ ሌላውን አታዩም። ቤት ውስጥ አባቴ የከበደ ነገር ሲይዝ እንደዚያ ነው የሚሆነው። እና እኔ እዚህ ይበቃኛል አልኩ።»

ስልኩን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ኮርስ ወስጃለሁ፣ የበረዶ ንብርብር ቆፍሬ አይቻለሁ፣ ዲግሪ የሚለካ መሣሪያ ኪሴ ውስጥ አለ። የበረዶውን ኳሶች አይቻለሁ፣ ስኪዬ ስር የተጣበቀውንም። እሷ ያየችውን ግን አላየሁም፣ ማየትም አልችልም ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ዝም ካሉት አንዱ ነኝ። እኛ ተራራውን ስናነብ እሷ እኛን እያነበበች ነበር። ማካሞን ከ700 በላይ አደጋዎችን መርምሮ የጻፈውን ነገር እሷ ሻይ ባለመዞሩ ነው ያወቀችው።

«ለምን ጮክ ብለሽ አልተናገርሽም?» ብዬም ጠየቅኋት። «እናንተ እያላችሁ?» አለችኝ። ይሄ መልስ ከሁሉም የበለጠ ያስጨንቀኛል። እኛ ቤት አዲስ ሰው፣ ታናሽ ሰው መጀመሪያ አይናገርም። ሽማግሌ ይናገራል፣ የሚችል ይናገራል፣ ታናሹ ሲጠየቅ ነው። መልካም ሥርዓት ነው፤ አሳድጎኛል፣ አልሰድበውም። ግን ሽማግሌው ከተናገረ በኋላ ታናሹ ምን ሊል ይችላል? እሺ ነው የሚለው። ኖርዌዮቹም በዚህ ከእኛ ብዙ አይለዩም፤ ሁለተኛው ልጅ ከቅድም ጀምሮ እያሰበው ነበር፣ መሪያችን ግን «ገና ትንሽ ናቸው» ስላለ ዝም ብሏል።

ስለዚህ ስመለስ ለሦስቱ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በየማረፊያው መጀመሪያ ሻይ ይዞራል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ ያየውን ወይም የተሰማውን። ከሁሉ አዲሱ ይጀምራል፣ መሪው የመጨረሻ ነው። ማንም መልስ አይሰጥም፣ ሁሉም እስኪጨርስ። አንድ ሰው ይበቃኛል ካለ ለምን አይባልም።

መሪያችን መጀመሪያ ላይ አልወደደውም። ጊዜ ይፈጃል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ይፈጃል። በኋላ ግን አንድ ጠዋት ተራው ሲደርስ «ዛሬ ጉልበቴ ልክ አይደለም፣ ቁልቁለት ላይ አላምነውም» አለ። ስንት ዓመት አብረን ስንወጣ ስለ ሰውነቱ አንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የሚናገርበት ቦታ ስላልነበረው ነው።

በሚቀጥለው የወቅት መጨረሻ አንድ አዲስ ልጅ ተቀላቀለን። እንደገና ዘግይቶ የወረደ ዱቄት፣ እንደገና ጥርት ያለ ሰማይ፣ ሁላችንም ጓጉተናል። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሻዩ ዞረና እሱን ጠበቅነው። ግራ ገባው። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ። የባሕር ዳሯ ልጅ ኩባያውን እየሞላችለት «የተሰማህን ብቻ ንገረን» አለችው።

«እግሬ ቀዝቅዟል» አለ።

ጫማውን አስወልቀን እግሩን አሻሸነው፣ ደረቅ ካልሲ አደረግንለት። ሌላው ሁሉ ደኅና ነበር፤ ጎኑ ጥላ ነው፣ በረዶው ደረቅ ነው፣ ሰዓቱም ገና ነው። ያን ቀን እስከ ጫፍ ወጣን፣ ዱቄቱም እስከ ባሕሩ አጠገብ ድረስ ዘለቀልን።